ለሳሚር ትከሻ የተለመነ ዱዓ

«እንደገና አንብቢው» አሉ እማማ ሰቢሃ። «አሁን ደግሞ ምንም ሳታስቀሪ።»

የልጅ ልጃቸው ሶፊያ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ዜናውን ከላይ ጀመረች። የክሪኬቱ ኮከብ ሳሚር ጀማል ባለፈው ሳምንት ዓርብ እንደማይሰለፍ ገና ለሕዝብ ሳይነገር፣ አንድ ሰው ቀድሞ አውቆ ተወራርዶ ስምንት ሺህ ፓውንድ በልቷል። ወሬውን ያወጣው ከኮከቡ ጓዳ የማይጠፋ ሰው ነው ተብሎ ተጠርጥሯል፤ ክለቡም ሾፌሩን ከሥራ አግዶ ምርመራ ጀምሯል።

«የአኑዋርን ስም ጽፈውታል?»

«አልጻፉም። ግን ኤቭሪዋን ኖውስ፣ እማማ። ሁሉም ሰው አውቆታል።»

«አንዴ ከነገርሽኝ ይበቃኛል። በሁለት ቋንቋ ስለነገርሽኝ አይጣፍጥልኝም።»

እማማ ሰቢሃ ፊደል አልቆጠሩም። በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ መሠረተ ትምህርት ግቡ ተብለው ሲገደዱ በጓሮ በር ያመለጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬም አይጸጸቱበትም። በሱዳን አድርገው ለንደን ከገቡ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት የሰው ቢሮ ሲወለውሉ ኖረው፣ አሁን ኬኒንግተን ከካውንስሉ በተከራዩት ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጡረታቸውን እየበሉ ይኖራሉ። አልሐምዱሊላህ ነው። ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል እንጂ ምላሳቸው አልተነካም። ልጃቸው ጀማል አውቶቡስ ሲነዳ፣ ምራታቸው ሆስፒታል ስታድር፣ ሳሚርንና እህቱን ሶፊያን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከጎረቤት በር ደግሞ አኑዋር ነበረ፤ ምሳ ሰዓት ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ከሳሚር ጋር በአንድ ትሪ በልቶ ያደገ ልጅ። ሁለቱ ግቢው ውስጥ የቆሻሻ ገንዳውን ዒላማ አድርገው ኳስ ሲወረውሩ ነው የሳሚር ክሪኬት የተጀመረው።

ጨዋታውን እማማ ሰቢሃ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አይተውት አልገባቸውም። አንዱ እየሮጠ መጥቶ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመክታል፣ የቀሩት ነጭ ለብሰው እንደ ሚዜ ተገትረው ይውላሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሁሉም አቋርጦ ሻይ ይጠጣል። ሥራ ፈቶች። ግን ሳሚር የሚወረውራት ኳስ ከመኪና ትፈጥናለች ይባላል። ለዚህም ደህና ይከፍሉታል፤ ባተርሲ ወንዝ ዳር ዙሪያው መስታወት የሆነ ቤት ገዝቷል። አኑዋር መኪናውን ይነዳለታል፣ ሻንጣውን ይሸከምለታል፣ የማይረባ ሰው እንዳይጠጋው ይጠብቀዋል።

«አኑዋርና ቁማር!» አሉ እማማ ሰቢሃ። «ትምህርት ቤቱ ለእርዳታ የሚሸጣትን ሎተሪ እንኳ ‹ሐራም ናት፣ አልገዛም› ብሎ አስተማሪውን ያስቀየመ ልጅ!»

በሩ ሲንኳኳ የመጣው ራሱ አኑዋር ነበር። የሳሚርን የመኪና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለሳሚር ይስጡልኝ፣ እማማ። ምርመራው እስኪያልቅ አጠገቡ አትድረስ ብለውኛል።»

«ተቀመጥ።»

«ልሂድ፣ እናቴ ብቻዋን...»

«ተቀመጥ አልኩ! ቆመህ ስታወራኝ አንገቴን ያመኛል።»

ተቀመጠ። ወሬው ከተነሳ ወዲህ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ጉንጩ ገብቷል። መስጊድ ሲገባ ሰዎች ዘወር እያሉበት ነው። እናቱ የሰው ዓይን ፈርታ ገበያ መውጣት ትታለች። ረቡዕ መርማሪዎቹ ፊት ይቀርባል፤ ጥፋተኛ ካሉት ከሳሚር ጋር መሥራቱ ቀርቶ የአንድም ክሪኬት ሜዳ ደጅ አይረግጥም። ስሙም እንደቆሸሸ ይቀራል።

«ምን ይዘውብህ ነው?»

«የተወራረደው ወንድምህ ነው አሉኝ።»

«ወንድም አለህ እንዴ?»

«እማማ! አራት እህት ብቻ እንዳለኝ እያወቁ!»

«አባትህ ደብቆን ከሆነ ብዬ ነው።»

ሶፊያ ሳቋን አፍና የምርመራውን መጥሪያ ደብዳቤ ከአኑዋር እጅ ወሰደች። «‹ተውፊቅ ከማለዲን› ይላል። እሱ አኑዋር ከማለዲን፣ ያኛው ተውፊቅ ከማለዲን። ሰርኔማቸው፣ የቤተሰብ ስማቸው ማለት ነው፣ አንድ ስለሆነ ብራዘርስ ናቸው ብለው ነው።»

እማማ ሰቢሃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማንበብ ስለማይችሉ አንዴ የሰሙት ነገር አይጠፋባቸውም። ማን ማንን እንዳገባ፣ ኒካሁ ላይ ማን ተብሎ እንደተጠራ፣ ሁሉም ጆሯቸው ውስጥ ተቀምጧል።

«የሪሐብ ባል ነው!» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «ስትሪትሃም ያለው፣ ታክሲ ነጂው። ከማለዲን ያባቱ ስም ነው። የሱ አባት የጅማ ሰው፣ ያንተ አባት የከሚሴ። የት ተገናኝተው ነው አንድ ሰው የሆኑት?»

«ያ ታክሲ ነጂ? እኔ ተውፊቅ ሲባል ብቻ ነው የማውቀው። ያባቱን ስም ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ። ረቡዕ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሳሚር ከባተርሲ ደወለ። «እማማ፣ ፕሊስ፣ እርስዎ አይግቡበት። ሎየሬ ሃንድል እያደረገው ነው፤ ጠበቃ ይዞታል።»

«ሎየርህ የቆመው ላንተ ነው ወይስ ለአኑዋር?»

ሳሚር ዝም አለ።

«እንግዲያው ዝም እንዳልክ ቆይ» አሉትና ዘጉበት።

ረቡዕ ጠዋት እማማ ሰቢሃ የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሶፊያን አስተርጓሚ አድርገው፣ ከአኑዋር ጋር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቢሮ ሄዱ። መርማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዲት ባለ መነጽር ቀጭን ሴትና ሲጽፍ ምላሱን የሚያወጣ ወፍራም ሰውዬ። እማማ ሰቢሃ ግን መጀመሪያ ያዩት የመስኮቱን ጠርዝ ነበር። አቧራ ይዟል። ያን ጊዜ ልባቸው ረጋ። ይህን ቤት የሚያጸዳው ሰው ሥራውን አያውቅም፤ እንግዲህ የቀሩትም ከዚያ አይሻሉም።

«እንዲህ በያቸው» አሉ ለሶፊያ። «እኔ ሰቢሃ ይመር ነኝ። ልጄ ጀማል ሰይድ ነው። የልጅ ልጄ ሳሚር ጀማል ነው። በናንተ ቤት ሦስታችንም አንተዋወቅም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ያባቱን ስም ይይዛል፣ እዚያው ላይ ያበቃል። ከኬኒንግተን እስከ ስትሪትሃም ሰባት የከማለዲን ልጆች አውቃለሁ፤ ሁሉም ወንድማማች ከሆኑ ያ ከማለዲን የሚባል ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። ሞኞች ናችሁ በያቸው።»

ሶፊያ ተረጎመች።

«‹ሞኞች›ን ዘለልሻት።»

«እማማ...»

«ሃያ ሁለት ዓመት የእንግሊዝ ቢሮ ስጠርግ ጆሮዬን ቤት ትቼ አልሄድኩም። ዘለልሻት።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ወፍራሙ ሰውዬ ግን አልሳቀም። የስሙ ነገር ገብቶናል፣ አለ፤ ስህተቱ የኛ ነው። ነገር ግን ተውፊቅ የተወራረደው ማክሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ የሳሚርን ትከሻ መጎዳት የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሳሚር ራሱ ተጠይቆ የፈረመበት ነው። የክለቡ ሐኪም፣ አሠልጣኙና አኑዋር። ወንድሙ ባይሆንስ፣ ከአኑዋር በቀር ለአንድ ኢትዮጵያዊ ታክሲ ነጂ ማን ይነግረዋል?

አኑዋር ጥግ ላይ ባለው ወንበር ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሶፊያ ስትተረጉም እማማ ሰቢሃ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ሐኪሙ። አሠልጣኙ። አኑዋር። አራተኛዋ ጣት ተነስታ ቀረች።

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት።»

«ሳሚር ነው እንዲህ ያለው? እኔን ሳይጠራ?»

«እማማ፣ ይተዉት» አለች ሶፊያ።

«አልተውም! እኔ ሰው አይደለሁም? እንዲህ በያቸው፣ ከአሠልጣኙ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ራት ሊበላ ቤቴ መጣ። ታጥቦ ተቀመጠና በግራ እጁ ጎረሰ። በግራው! ‹በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው፣ ምን ነካህ?› ብዬ እጁን መታሁት። ያን ጊዜ ነው ቀኙ ከደረቱ በላይ እንደማይነሳ የነገረኝ፤ ዓርብም እንደማይጫወት። ራቱን እኔው እያጎረስኩት በላ። ሐኪሙ አጉርሶታል? ጠይቂልኝ፣ አጉርሶታል?»

ሶፊያ ስትተረጉም ድምጿ እየወረደ ሄደ። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«እርስዎስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለማን ነገሩ?»

ይህን ለመረዳት እማማ ሰቢሃ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። «ለማንም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ የሪሐብ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ መጣ፤ ከሁሉ ቀድማ «አሚን! አሚን! ያ ረቢ ትከሻውን ጠግንለት!» ስትል። ከድምጿ ኋላ የመኪና ሞተር ይሰማ ነበር።

ማክሰኞ ሳሚር ከሄደ በኋላ፣ የማታ ሶላታቸውን ሰግደው እንደተነሱ፣ ስልካቸውን አንስተው ለሴቶቹ የዱዓ ቡድን በድምፅ ልከው ነበር። አርባ አንድ ሴቶች ናቸው። የታመመ፣ ልትወልድ የደረሰች፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር አንዷ ትልካለች፣ የቀሩት አሚን ይላሉ፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሪሐብ ባሏ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ነው ያዳመጠችው። ደግሞ እሷ ስልኳን ሳታስጮህ መስማት አይሆንላትም።

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ማን ያውቅባቸዋል? ሶፊያም ነገሩ ገብቷት ክንዳቸውን ይዛ «ውጭ ወጥተን እናውራ፣ እማማ፣ ፕሊስ» ትላለች። ለደርግ ካድሬ «አጥፍቻለሁ» አላሉም። ለባላቸው ለሰይድ፣ አላህ ይማረውና፣ አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን አላሉም። አሁን ለሁለት ፈረንጅ፣ ያውም አቧራ ለማይጠርጉ?

አኑዋርን አዩት። አሁንም ጫማውን ያያል።

ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። ማንበብ ባይችሉም ድምፅ የት ተነክቶ እንደሚጫወት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነኩት።

ቢሮው በእማማ ሰቢሃ ድምፅ ሞላ። «አሰላሙ ዐለይኩም እህቶቼ። ለሳሚር ቀኝ ትከሻ ዱዓ አድርጉለት። አልነሳ ብሎታል፣ ዓርብ አይጫወትም። ለሰው አትንገሩ፣ ክለቡ ደብቆታል። ያ አላህ፣ የእንጀራ ክንዱን መልስለት፣ የሚመቀኘውን ዓይኑን ያዝለት...» ከዚያ አሚኖቹ ተከታትለው መጡ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ጎርናና፣ አንዷም ሕፃኗ እያለቀሰባት።

ወፍራሙ ሰውዬ ምላሱን ወደ አፉ መለሰ። ሶፊያ ፊቷን ሸፍና በጣቶቿ መሃል ተረጎመች።

«ለሰው አትንገሩ ብለው ለአርባ አንድ ሰው ነገሩ?» አለች ሴትዮዋ።

«ታዲያ ዱዓ እንዴት ነው የሚደረገው? ሐኪም ቤት ሄደሽ ምንሽን ነው ያመመሽ ሲሉሽ አልናገርም ትያለሽ? ትከሻ መሆኑን ካልሰሙ፣ ለእግሩ ለምነውለት ቢቀሩስ?»

ይህቺን ሶፊያ አንድም ቃል ሳትዘል ተረጎመቻት። ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ ሳቋን አልዋጠችም።

እማማ ሰቢሃ ግን አልሳቁም። «ይህ ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ተውፊቅ ደግሞ በሚስቱ ስልክ ነው የሰማው። ጻፍ» አሉት ወፍራሙን በራሳቸው እንግሊዝኛ። «ሰቢሃ። ሰቢሃ ይመር ብለህ ጻፍ።»

ሰውዬው ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ተቃና። የሪሐብ ባል ተጠርቶ፣ ሁለት ሰዓት ሲክድ ቆይቶ፣ በስተመጨረሻ አመነ። ክለቡ አኑዋርን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሥራው መለሰው። የውርርድ ድርጅቱ የተውፊቅን ብር ይዞ ሒሳቡን ዘጋበት፤ የቀረውን ቅጣት ሪሐብ ቤት ውስጥ ሰጥታዋለች ይባላል። ሳሚርም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ከእንግዲህ ምስጢር የሚያውቁ ሰዎች ሲቆጠሩ ቤተሰቡንም እንዲቆጥር። ይህን ደብዳቤ እማማ ሰቢሃ ሶፊያን ሦስት ጊዜ አስነበቧት።

ያልተቃና አንድ ነገር ነበር። ከቢሮው በተመለሱበት አውቶቡስ ላይ፣ አኑዋር አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እማማ ሰቢሃ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያዩ «አፉ በለኝ» ብለው ይቅርታ ጠይቀውት ነበር። ቃሏ ከአፋቸው ስትወጣ እንደ ዓሣ አጥንት ቧጥጣቸዋለች።

«አፉ ብያለሁ፣ እማማ» አለ አኑዋር። «በእኔ በኩል አልቋል። ግን እናቴ ከቤት የማትወጣው ጋዜጣውን ፈርታ አይደለም። ጋዜጣ አታነብም። ሴቶቹን ነው የፈራችው።»

«ምን ላድርግ ነው የምትለኝ?»

«ምንም አላልኩም።»

በእርግጥም ምንም አላለም። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ ሲርበው አይጠይቅም፣ ትሪውን ትሪውን እያየ ዝም ይላል። እማማ ሰቢሃን ደግሞ ከለማኝ ይልቅ ዝም የሚል ሰው ነው የሚያሸንፋቸው።

ሴቶቹ በወር አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ኬኒንግተን ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ይሰበሰባሉ። «በድምፅ ቢልኩላቸውስ?» አለቻቸው ሶፊያ ጫማቸውን ስታቀብላቸው። «መቆም አይጠበቅብዎትም እኮ።»

«ድምፄን ልኬ እኔ አልጋ ልብስ ውስጥ ልደበቅ? ያችን ጫማ ስጪኝ።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቁርኣን ተቀርቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሳምቡሳው መዞር ሲጀምር እማማ ሰቢሃ ተነስተው ቆሙ።

«ስሙ» አሉ። «ጎረቤቴ አኑዋር ምስጢር ሸጠ ሲባል እዚህ ውስጥ ያላማችው የለችም። እኔ አላማሁትም፤ ግን ስታሙት በዚያው ስልኬ ሰምቼ አንዳችሁንም አልገሠጽኩም። አሁን ልንገራችሁ። ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሚን ያላችሁበት ዱዓ ነው ቁማር ቤት የገባው። ልጁ ምንም አላደረገም። እናቱን መንገድ ላይ አይታ ዘወር የምትል ካለች ከእኔ ጋር ትገናኛለች። አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ። አልደግመውም፤ ያልሰማች ከጎኗ ያለችውን ትጠይቅ።»

ሳምቡሳ የያዙ እጆች ሁሉ ባሉበት ቀሩ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት፣ «ሰቢሃ ናት ‹አጥፍቻለሁ› ያለችው? ወይስ የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሸ?» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «አፉ ብለናል! አፉ ብለናል!» ከዚህም ከዚያም።

ሪሐብ ከኋላ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች ተነሳች። «ጥፋቱ የኔ ነው እማማ፣ ስልኬን እኔ ባላስጮህ...»

«አንቺ አሚን ነው ያልሽው። በአሚን የሚከሰስ የለም። ተቀመጪና ብዪ። ባልሽን ግን ነገ ላኪልኝ።»

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«መስኮቶቼ እድፍ ይዘዋል። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ይወለውልልኛል።»

ስብሰባው ሲበተን አምስት ሴቶች ከእማማ ሰቢሃ ጋር ተነሱ። ማንም አላዘዛቸውም። የተረፈውን ሳምቡሳ በሳህን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው የአኑዋርን እናት በር አንኳኩ። በሩ ቶሎ አልተከፈተም። ሲከፈት ሴትዮዋ በቤት ልብሷ ቆማ፣ መጀመሪያ ሴቶቹን፣ ቀጥላ ሳህኑን አየች፤ ከዚያ አለቀሰች። እነሱም አለቀሱ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ስለ ሰቢሃ ንግግር ሲነግሯት ሁሉም ሳቁ። እማማ ሰቢሃ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ «በሉ ይበቃል፣ አታጋኑት» ይላሉ።

አኑዋር ታች መኪናው ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር። ሳሚር እሱን፣ እናቱንና እማማ ሰቢሃን ባተርሲ ቤቱ ራት ጠርቷቸዋል። ትከሻው ድኗል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰለፋል። ለአርባ አንዱ ሴቶች እንዲነገር ራሱ ፈቅዷል።

አኑዋር እናቱ የውጭ ልብሷን ለብሳ ስትወርድ ሲያይ ከመኪናው ዘሎ ወጣ። የፊተኛውን በር ለእማማ ሰቢሃ ከፈተላቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ደግሞም ስለሚገባቸው፣ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጡት።

እማማ ሰቢሃ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ።

«እማማ፣ ጉልበትዎ...»

«እናትህ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም፤ መንገዱን እሷ ትየው። ንዳ አሁን። በወንዙ በኩል ሂድ፣ የሚያስቸኩለን የለም።»

እናቱ ከፊት ተቀምጣ መስኮቱን አወረደች። የእሑድ ንፋስ ገባ። ከኋላ እማማ ሰቢሃ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ጠባቡን ወንበር እየረገሙ፣ ፊታቸው ግን ወለል ብሎ፣ ባተርሲ ድረስ ሾፌሩን መንገድ ሲያሳዩት ሄዱ። መንገዱን እሱ ያውቀዋል።